በቴምር የተሞላ የጾም ኩኪስ፦ ከሚዛን እስከ ቆርቆሮ

የጾም ኩኪስ ሲበላሽ ጥፋቱ ቶሎ የሚላከከው በእንቁላልና በቅቤ አለመኖር ላይ ነው። ለተሞላ ኩኪስ ግን ሁለቱም የግድ አይደሉም። ሥራውን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ውሃ ነው፤ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ፣ መሙያው ውስጥ ያለው ውሃ፣ ከዚያም ሁለቱ ኦቨን ውስጥ ተዘግተው ሲሞቁ የሚፈጠረው እንፋሎት። ከዚህ በታች ያለው ማስታወሻ በየደረጃው የተያዘ ነው። ልኬቱ 24 ኩኪስ ያወጣል።

ከመጀመር በፊት፦ ልኬት

ለሊጡ፦ የስንዴ ፍርኖ ዱቄት 280 ግራም፣ የበቆሎ ስታርች 20 ግራም፣ በደንብ የተፈጨ ስኳር 80 ግራም፣ የሱፍ ዘይት 100 ግራም፣ ስኳር ያልገባበት የአኩሪ አተር ወተት 60 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር 4 ግራም፣ ጨው 2 ግራም፣ ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ።

ለመሙያው፦ ፍሬው የወጣለት ቴምር 250 ግራም፣ ውሃ 30 ግራም፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር።

ሁሉም የተመዘነው በሚዛን ነው፣ ዘይቱ ሳይቀር። 100 ግራም የሱፍ ዘይት በመስፈሪያ ሲለካ ወደ 108 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ «100 ሚሊ ሊትር ያው 100 ግራም ነው» ተብሎ ከተሰፈረ ሊጡ 8 ግራም ያህል ዘይት ይጎድለዋል፣ ይህም ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ሆኖ ይታያል። የዱቄቱ ልዩነት ደግሞ ይብሳል። አንድ ኩባያ ዱቄት ተነፍቶ በማንኪያ ሲሞላ 120 ግራም አካባቢ ነው፤ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክሮ ጠቅጥቆ ላወጣው ሰው ግን 150 ይደርሳል። በሁለት ኩባያ ላይ 60 ግራም ልዩነት ማለት ነው። ይህን ያህል የበዛበት ሊጥ ምንም ቢያሹት አይያያዝም። የዲጂታል ሚዛን ከሌለ ዱቄቱን ነፍቶ፣ በማንኪያ ቀስ አድርጎ ሞልቶ፣ አፉን በቢላ ጀርባ ማስተካከል ይሻላል።

ስታርቹ የገባው ዱቄቱን ለማለስለስ ነው። ለዳቦ የሚሆን ጠንካራ ዱቄት ከ12 በመቶ በላይ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል፤ ለኩኪስ 9 ወይም 10 በመቶ ይበቃል። ማሸጊያው ላይ ከ100 ግራም ውስጥ ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለ ተጽፎ ይገኛል። ያለው ጠንካራው ብቻ ከሆነ ስታርቹን ወደ 40 ግራም ከፍ፣ ዱቄቱን ወደ 260 ዝቅ ማድረግ ነው።

ስኳሩ የተፈጨ መሆን አለበት ስንል ለውበት አይደለም። 60 ግራም ወተት በአጭር ጊዜ ምት ተራውን ስኳር ሁሉ አያሟሟም። ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣት ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ኩኪሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ሊጡም በዚያ ቦታ ይሰነጠቃል። የተፈጨ ስኳር ካልተገኘ ተራውን ስኳር በመፍጫ ለአንድ ደቂቃ ማዞር ይበቃል።

ከ0 እስከ 25 ደቂቃ፦ መሙያው

መጀመሪያ የሚሠራው መሙያው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መቀዝቀዝ አለበት፣ ለመቀዝቀዝ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ቴምሩ አንድ በአንድ ተከፍቶ ታየ። ፍሬው የወጣለት ተብሎ የተሸጠም ቢሆን የፍሬ ስባሪ ወይም የግንዱ ጫፍ ሊቀርበት ይችላል። ከዚያ ተከታትፎ ከ30 ግራም ውሃ፣ ከሎሚውና ከጨው ጋር በትንሽ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ተጣደ። በእንጨት ማንኪያ እየተጫኑ ሲያማስሉት ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል። ቀረፋው የገባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

ብዙ አሠራሮች ቴምሩን በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ መፍጨትን ይመክራሉ። ለኬክ ወይም ለመጠጥ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። የተዘፈዘፈ ቴምር የሚጠጣው የውሃ መጠን በእጃችን አይደለም፤ እንደ ድርቀቱ ይለያያል፣ ከተጠለለ በኋላም ብዙው ውስጡ ይቀራል። በ30 ግራም ውሃ ሲበስል ግን የገባው ይታወቃል፣ የተነነውም በሚዛን ይለካል። የእኛ ድስት ውስጥ ያለው ከእሳት ሲወርድ 272 ግራም መዘነ። ከ265 እስከ 275 ባለው መካከል ከሆነ ጥሩ ነው። ከ280 ካለፈ ተመልሶ ይጣዳል። ቴምሩ ከመነሻው እርጥብና ለስላሳ ከሆነ ውሃውን ወደ 10 ግራም ማውረድ፣ ወይም ጭራሽ መተው ይቻላል።

ከሚዛኑ ሌላ የምንተማመንበት ምልክት፦ ማንኪያው የድስቱን ወለል ሲጠርግ መንገዱ ሳይሞላ ይቆያል፣ መሙያውም አንድ ላይ ተሰብስቦ ከድስቱ ይላቀቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ በእርጥብ መዳፍ ሲድበለበል ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ሳህን ላይ ለ5 ደቂቃ ተቀምጦ ከተንጣለለ ኦቨን ውስጥም ያው ነው።

ነገሩን ይህን ያህል የምናከረው በእንፋሎቱ ምክንያት ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ያድጋል። አንድ ግራም ውሃ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ እንፋሎት ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ በተዘጋ ኩኪስ ውስጥ ቢፈጠር እንኳ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በደካማው መጋጠሚያ በኩል ነው፣ ሲወጣም መሙያውን ይዞ ይወጣል። የቴምር ስኳር ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ ቴምር ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ መሙያ ነው።

ከጎን ሌላ ትንሽ መሙያ አዘጋጀን፤ ማርማላታ ለሚመርጡ። ማርማላታ እንዳለ ከገባ ይፈላል። ዝልግልግ አድርጎ የያዘው ፔክቲን ሙቀት ሲያገኝ ይላላል፣ ውስጡ ያለው ውሃም ብዙ ነው። ስለዚህ 200 ግራም ማርማላታ ተጥዶ ሲፈላ፣ በ15 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ 12 ግራም የበቆሎ ስታርች ተጨመረበት፤ እየተማሰለ አንድ ደቂቃ ተኩል ፈላ። ስታርች ውሃውን ጠጥቶ የሚያብጠው ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ በደንብ ለመያዝ ግን ፍሌት ድረስ መሄድ አለበት። እንዳልፈላ ከወረደ የዱቄት ጣዕም ይቀርበታል፣ ሲቀዘቅዝም ውሃ ይተፋል። ለረጅም ጊዜ ማንተክተክም አያስፈልግም፤ የፍራፍሬው ኮምጣጣነት ስታርቹን ይሰባብረውና የጠነከረው መልሶ ይቀጥናል።

ሁለቱም መሙያዎች ሰፊ ሳህን ላይ ስስ ተደርገው ተዘርግተው፣ ፊታቸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ማቀዝቀዣ ገቡ።

ከ25 እስከ 35 ደቂቃ፦ ሊጡ

ዘይቱ፣ የአኩሪ አተር ወተቱ፣ ስኳሩ፣ ጨውና ቫኒላው በአንድ ሳህን ውስጥ በእጅ መምቻ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ተመታ። የሚፈለገው ዘይትና ወተቱ ተዋህደው ደብዘዝ ያለ፣ ወፈር ያለ አንድ ፈሳሽ እንዲሆኑ ነው። የአኩሪ አተር ወተት የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ፕሮቲኑና ሌሲቲኑ ዘይትን ከውሃ ጋር ያስታርቃሉ። በአልሞንድ ወይም በአጃ ወተትም ይሠራል፣ ግን ውህደቱ ቶሎ ስለሚለያይ ዱቄቱን ሳይዘገዩ መጨመር ያሻል። ተራ ውሃ ከሆነ መጠኑን ወደ 55 ግራም ዝቅ ያድርጉ፤ ኩኪሱ ይሆናል፣ ቀለሙ ግን ፈዛዛ ነው።

ዱቄቱ፣ ስታርቹና ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ ላይ ተነፍተው በሁለት ጊዜ ገቡ። የመጀመሪያው ግማሽ በጭልፋ ተማሰለ፣ ሁለተኛው በእጅ ተሰበሰበ። «ተሰበሰበ» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ይህ ሊጥ አይታሽም። ውሃ ዱቄቱን ባገኘ ቁጥር ግሉተን የሚባለው የሚለጠጥ የፕሮቲን መረብ ይፈጠራል፣ መታሸቱ ደግሞ ያጠነክረዋል። ለዳቦ የምንፈልገው ያ መለጠጥ እዚህ ኩኪሱን ያኮማትራል፣ ሲጋገርም ያጠነክራል። ሌላም ጉዳት አለው። የዘይት ሊጥ ሲበዛ ከታሸ ዘይቱን ይተፋል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ መዳፍ ላይ ቅባት ይቀራል፣ ሲገጥሙትም መጋጠሚያው አይጣበቅም። በዚህ ጊዜ ዱቄት መጨመር ነገሩን ያባብሳል። ሸፍኖ ለ20 ደቂቃ ቢተዉት ዱቄቱ መልሶ ይጠጣዋል።

ዱቄቱ እንደጠፋ፣ ሊጡም ከሳህኑ ጎን እንደለቀቀ እጅ ይነሣል። ልስላሴው እንደ ጆሮ ጫፍ ነው። መያያዙን ለማየት ትንሽ ቆርሶ አድበልብሎ በአውራ ጣት መጫን ነው፤ ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ቢታይ ችግር የለውም፣ ከዕረፍት በኋላ ይጠፋል። ተከፍሎ ከተፈረፈረ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት ይጨመር፣ እንደገና ይሞከር። ሁለት ማንኪያ በአንዴ መጨመር አይገባም፤ በዚህ መጠን ላይ 10 ግራም ውሃ ሊጡን ከሚፈረፈር ወደሚጣበቅ ያሻግረዋል።

ከ35 እስከ 60 ደቂቃ፦ ዕረፍት

ሊጡ ተሸፍኖ በክፍሉ ሙቀት 25 ደቂቃ ተቀመጠ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚጠቅመው በቅዝቃዜ የሚረጋ ቅባት ሲኖር ነው። የሱፍ ዘይት በማቀዝቀዣ አይረጋም፤ ሊጡ ይበርዳል እንጂ አይጠነክርም፣ ሲያወጡት ደግሞ ይሰነጠቃል። ዕረፍቱ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ዱቄቱ ውሃውን አዳርሶ ይጠጣል፣ የተቆጣው ግሉተንም ይላላል።

በዚህ መሀል ስለ ቅባት ምርጫ። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በረጋበት ተፈርፍሮ ከዱቄቱ ጋር ከተዋሐደ ኩኪሱ ይበልጥ ኩርሽም የሚልና ቅርጹን የሚጠብቅ ይሆናል፤ ሞቃት ክፍል ውስጥ ግን እጅ ላይ ይቀልጣል፣ ስለዚህ በየመሀሉ ሊጡን ወደ ማቀዝቀዣ መመለስ ግድ ነው። ማርጋሪን ለእጅ ከሁሉም ይመቻል። ነገር ግን የተለመደው ዓይነት 80 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ቅባቱ፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ስለዚህ በ100 ግራም ዘይት ፋንታ 120 ግራም ማርጋሪን ሲገባ ወተቱ ወደ 40 ግራም መውረድ አለበት። ይህን ሳያስተካክሉ የሚለውጡ ሰዎች ናቸው «ተንጣለለብኝ» የሚሉት። ለስላሳው፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው ማርጋሪን ደግሞ ውሃው ከዚህም ስለሚበዛ ለሊጥ ባይውል ይመረጣል።

መለያ ወረቀት ማንበብ የማይታለፍ ሥራ ነው። አንዳንድ ማርጋሪን የወተት ዱቄት ወይም ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን አለበት። ጥቁር ቸኮሌትም ወተት ሊኖርበት ይችላል። ቀይ ቀለም ኢ120 ተብሎ ከተጻፈ የሚወጣው ከነፍሳት ነው። ጄላቲን ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚዘጋጅ ነው፤ ማርንም መሙያ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም። በስኳርም ላይ ጥብቅ ለሆነ ሰው፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች የሸንኮራ ስኳርን ለማንጣት በአጥንት ከሰል እንደሚያጣሩ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከስኳር ቀይ ሥር የሚወጣው ስኳር በዚያ መንገድ አያልፍም።

ኦቨኑ የተለኮሰው በ50ኛው ደቂቃ ነው፤ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከላይም ከታችም ሙቀት፣ ትሪው መካከለኛው መደብ ላይ። ማራገቢያ ያለው ከሆነ 160 ይበቃል። የኦቨን መብራት ስለጠፋ ብቻ ሞቋል ማለት አይደለም፤ ግድግዳው በደንብ እስኪግል 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ያሉ ኦቨኖች ቁልፉ ላይ ከሚያሳዩት 10 ወይም 20 ዲግሪ መዛነፋቸው የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የቅርጽ ማውጫ በፊት ቢገዛ እንመክራለን።

ከ60 እስከ 95 ደቂቃ፦ መሙላትና መግጠም

ሊጡ 22 ግራም፣ መሙያው 11 ግራም እየተመዘነ በ24 ተከፈለ። ሁለት ለአንድ ነው። መሙያው ከዚህ ከበዛ ግድግዳው ይሳሳል፤ ካነሰ ደግሞ የሚበላው ሊጥ ብቻ ይሆናል። ከክፍፍሉ የተረፈችው 20 ግራም ያህል ሊጥ አልተጣለችም፤ ከትንሽ መሙያ ጋር ተሞልታ ብቻዋን ቀድማ ወደ ኦቨን ገባች። ስለ ኦቨኑ ሙቀትም ስለ መሙያው እርጥበትም ቀሪው 24 ሳይገባ የምትናገረው እሷ ናት። ይህን ልማድ እንዳትተዉት።

መሙያው ከሊጡ በፊት ተድበልብሎ ሳህን ላይ ተደረደረ። እጅ በመሙያ ተበክሎ ሊጥ ከነካ መጋጠሚያው ላይ ስኳር ይቀራል፤ ስኳር የነካው ሊጥ ደግሞ አይጣበቅም፣ ያርራልም።

አሞላሉ፦ የሊጡ ኳስ መዳፍ ላይ ተደርጎ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት እስኪኖረው ይጫናል። መሀሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ይበል። ዳሩ ሲሰበሰብ ስለሚደራረብ፣ እኩል ውፍረት ካለው ከታች ጉብታ ይሠራል። መሙያው መሀል ይቀመጣል፣ ከዚያ ሊጡ ከታች ወደ ላይ እየተገፋ መሙያውን ታክኮ ይወጣል። ሳይነኩት ላዩ ላይ ከተዘጋ ውስጡ አየር ይቀራል። አየርም እንደ እንፋሎት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ኩኪሱ ይነፋል፣ ሲቀዘቅዝ በላይኛው ቅርፊትና በመሙያው መካከል ባዶ ዋሻ ይቀራል። አፉ በጣቶች ቆንጠጥ ተደርጎ ይገጠማል፣ ሁለቴ በመዳፍ ይድበለበላል፣ መጋጠሚያው ወደ ታች ሆኖ ትሪ ላይ ይቀመጣል። የኩኪሱ ክብደት ራሱ መጋጠሚያውን ይጫነዋል።

ላዩ ቀስ ብሎ ተጭኖ ውፍረቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ፣ በስቴኪኒ መሀሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ተበሳ፤ መሙያው እስኪነካ ድረስ። እንፋሎቱ የሚወጣበትን ቦታ እኛው መርጠን ካልሰጠነው ራሱ ይመርጣል። ለቴምር አንድ ይበቃል፣ ለማርማላታ ሁለት ወይም ሦስት።

ዳሩ እየተሰነጠቀ ካስቸገረ ሊጡ ደርቋል ማለት ነው። ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፣ አንዱ እየተሠራ ሌላው ክፍት እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ደረቅ ዱቄት መዳፍ ላይ መነስነስ ግን ክልክል እስከማለት እንደርሳለን፤ መጋጠሚያው መሀል የገባ ዱቄት ሁለቱን ሊጥ ለያይቶ ያስቀራቸዋል። ለመጣበቅ የሚረዳው በጣት ጫፍ የተነካ ጥቂት ውሃ ነው።

ማርማላታው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተሠራ፤ ለስላሳ መሙያ መዳፍ ላይ ከማድበልበል ይልቅ ማጠፍ ይቀላል። ለዚህ ለብቻው የተዘጋጀ ተመሳሳይ ሊጥ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ ተዳምጦ፣ አፉ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ተቆረጠ። በአንዱ ላይ የሚቀመጠው መሙያ 7 ወይም 8 ግራም ብቻ ነው፣ ዳር ዳሩም አንድ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ መቆየት አለበት። ጠርዙ በውሃ ተነክቶ፣ ታጥፎ፣ አየሩ ከመሙያው አጠገብ ወደ ውጭ እየተገፋ ተገጠመ። ሹካው የሚጫነው በመጨረሻ ነው። የሹካ ጥርስ ያማረ ጌጥ ነው፣ ያልተጣበቀን ጠርዝ ግን አያጣብቅም፤ በጣት አስቀድሞ ካልተጫነ ከጥርሶቹ መሀል ይከፈታል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳ ሊጥ መሙያውን አይሸከምም፣ ከ5 በላይ የወፈረውም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ፊቱን ለመቀባት 2 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ወተት ከ1 የሻይ ማንኪያ የስኳር ሽሮፕ ጋር ተበጠበጠ። የእንቁላልን ቀለም የሚተካው ይህ ነው። የወተቱ ፕሮቲንና ስኳሩ ሙቀት ሲያገኙ ይቀላሉ። ብሩሹ ተጨምቆ አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል፤ ከኩኪሱ ጎን ወርዶ ትሪው ላይ የተጠራቀመ ፈሳሽ አርሮ ታቹን ያጠቁረዋል።

ከ95 እስከ 112 ደቂቃ፦ ኦቨን

12 ኩኪስ በአንድ ትሪ፣ በመሀላቸው 3 ሴንቲ ሜትር። ይህ ሊጥ ብዙ ስለማይሰፋ ርቀቱ የሚያስፈልገው ለአየሩ ዝውውር ነው። ጠቆር ያለ ትሪ ሙቀት በብዛት ስለሚስብ ታቹ ይቀድማል፤ እንዲህ ዓይነት ትሪ ብቻ ካለ ከሥሩ ሌላ ትሪ መደረብ ያበርደዋል።

በ5ኛው ደቂቃ ምንም የሚታይ የለም። በ8ኛው ላዩ ማብረቅረቁን ያቆማል፣ ቅርፊቱ መያዝ ጀምሯል። ከ9 እስከ 12 ያለው ጊዜ ነው ወሳኙ፤ የሚፈስ ከሆነ እዚህ ላይ ይፈሳል። ቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ እርጥበት ብቅ ቢል ደግ ነው፣ መንገዱ እየሠራ ነው። ኦቨኑን በዚህ ሰዓት መክፈት አያስፈልግም። በ12ኛው ደቂቃ ትሪው ዞረ፤ የኋላው ወደ ፊት።

ቴምሮቹ በ16 ደቂቃ ወጡ፣ የግማሽ ጨረቃዎቹ በ14። መብሰላቸው የሚታወቀው ከታች ነው። አንዱን በስስ ቢላ አንሥቶ ሥሩን ማየት፤ ዳር እስከ ዳር ወርቃማ ከሆነ ይወጣል። ላዩ ገርጣ ያለ፣ ዳሩ ብቻ የቀላ ሆኖ መውጣት አለበት። ላዩ እስኪቀላ የጠበቀ ሰው ሲቀዘቅዝ የሚደርቅ ኩኪስ ያገኛል። ሲነካ ለስለስ ማለቱም አያሳስብ፣ ጥንካሬው የሚመጣው ሲበርድ ነው።

ሙቀቱ ሲዛነፍ የሚታየው እንዲህ ነው። 150 አካባቢ ከሆነ ቅርፊቱ ቶሎ ስለማይይዝ ሊጡ ዝቅ ብሎ ይሰፋል፣ እስኪቀላ ሲጠበቅም ውስጡ ይደርቃል። 200 ከደረሰ ውጩ በጥቂት ደቂቃ ይጠነክራል፣ ውስጥ ያለው እንፋሎት ደግሞ ገና መጀመሩ ነው፤ የጠነከረ ቅርፊት አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስንጥቁን አይቶ «ሊጡ ነው» ከማለት በፊት ቦታውን ማየት ያስፈልጋል። ላዩ መሀል ላይ የተተረተረ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል ወይም አየር ታፍኗል። ጎኑ ላይ ከታች የተከፈተ ከሆነ መጋጠሚያው ነው። መላ ላዩ በትንንሽ ስንጥቅ የተሸፈነ ከሆነ ግን አዎ፣ ሊጡ ውሃ አንሶታል።

ጣዕሙ የሚጎመዝዝ ወይም ሳሙና ሳሙና የሚል ከሆነ፣ በቤኪንግ ፓውደር ቦታ ተመሳሳይ ልክ ቤኪንግ ሶዳ ገብቷል። ሶዳው ብዙ እጥፍ ይበረታል፣ የሚያበርደው ኮምጣጣ ነገርም ሊጡ ውስጥ የለም።

ከኦቨን በኋላ

ትሪው ላይ እንዳሉ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ የሽቦ ፍርግርግ ላይ። ቶሎ ከተነሡ ይሰበራሉ፤ ትሪው ላይ ከቆዩ ደግሞ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት ታቻቸውን ያረጥበዋል። ልጆች ካሉ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቅርፊቱ በርዶ ውስጡ ያለው ስኳራም መሙያ ገና አፍ የሚያቃጥል ነው። ማርማላታው ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ ነበር።

ሚዛን ላይ ሲወጡ 33 ግራም የነበረው ወደ 30 ገደማ ወርዷል። የጠፋው ውሃ ነው። ከ28 በታች ከወረደ በዝቶ ተጋግሯል።

በማግስቱ

ቆርቆሮ ውስጥ ያደሩት ሁለቱ ዓይነቶች አንድ ዓይነት አልሆኑም። ቴምር የያዙት ቅርፊታቸው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ለስልሷል፣ መሙያውና ሊጡ ተዋህደዋል፤ በእኛ ግምት የሚጣፍጡት አሁን ነው። ማርማላታ የያዙት ግን ኩርሽምታቸውን አጥተዋል። እርጥበት ከበዛበት መሙያ ወደ ደረቀው ቅርፊት ይጓዛል፣ ይህን ማስቆም አይቻልም፣ ማዘግየት ብቻ። ስለዚህ የማርማላታው በተጋገረበት ቀን ይበላ፣ የቴምሩ ለነገ ይሠራ። ሁለቱን በአንድ ቆርቆሮ መደባለቅ አይገባም። ሙሉ በሙሉ ሳይበርዱ መክደንም እንዲሁ፤ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ጤዛ ተመልሶ ይንጠባጠብባቸዋል። በደንብ የተከደነ የቴምር ኩኪስ በክፍል ሙቀት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። የለሰለሰውን ማርማላታ 150 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ መልሶ ማስገባት ቅርፊቱን ያድሰዋል።

ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ የፈለገ የተጋገረውን ሳይሆን የተሞላውን ጥሬ ያስቀምጥ። ሳይቀባ ትሪ ላይ ተደርድሮ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሰዓት ይጠንክር፣ ከዚያ በከረጢት ታሽጎ እስከ ሁለት ወር ይቆይ። ከመጋገሩ በፊት በረዶው እንዲቀልጥ አይደረግም፤ እንደበረዶው ትሪ ላይ ተደርጎ፣ ተቀብቶ፣ ቀዳዳው በስቴኪኒ እንደገና ተከፍቶ 175 ዲግሪ ላይ ይገባል፣ ከተለመደው 3 ወይም 4 ደቂቃ ይጨመርለታል። ከቀለጠ በኋላ ከተጋገረ ግን ላዩ ላይ የተጠራቀመው እርጥበት የፊቱን ቅብ ያጥበዋል፣ መጋጠሚያውንም ያላላዋል።